የፓይለት ሰዓት ለዘወትር፦ ከደሴ እስከ ባቲ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥና ሰዓት ሠሪ ደጃፍ ላይ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ መልሻለሁ፤ ከቀላሉ እጀምራለሁ።

የፓይለት ሰዓት ምን ዓይነት ሰዓት ነው?

መልኩን ሳታውቁት አትቀሩም። ጥቁር ገጽ፣ ትልልቅ ነጭ ቁጥሮች፣ ወፍራም ቆጣሪዎች፣ በ12 ቁጥር ቦታ ሦስት ማዕዘን፣ በጎኑ ደግሞ ጎላ ያለ መሙያ። ይሄ ሁሉ ለጌጥ የመጣ አይደለም። የድሮ አውሮፕላን ውስጡ ብርድ ነበር። አብራሪው ወፍራም ጓንት ያጠልቃል፤ ስለዚህ መሙያው በጓንት እንዲያዝ ትልቅ ሆነ። ሌሊትም በረራ አለ፤ ቁጥሩ ጎላ። ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ከገጹ ላይ ትርፍ ነገር ተነሣ። ሦስት ማዕዘኑም ሥራ አለው። ሰዓቱን በየትኛውም በኩል ብታዩት ላዩ የት እንደሆነ ወዲያው ይነግራችኋል።

ነገሩ የተጀመረው በ1904 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይነገራል። ብራዚላዊው አብራሪ አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን ሁለት እጁ መሪ ላይ እያለ የኪስ ሰዓት ማውጣት ቸገረው። ፓሪስ ላለው ወዳጁ ለሉዊ ካርቲዬ ይሄንኑ ነገረው፤ ካርቲዬም በእጅ የሚታሰር ሠራለት። በ1909 ሉዊ ብሌሪዮ ከፈረንሳይ ተነሥቶ ባሕሩን አቋርጦ እንግሊዝ ሲያርፍ ክንዱ ላይ የነበረው ዜኒት የሚባል ሰዓት ነው። ዛሬ ገበያ ላይ «ፓይለት» የሚባለው መልክ ግን በብዛት የተቀዳው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን አየር ኃይል ከተሠሩት ሰዓቶች ነው። ላንገ፣ አይደብሊውሲ፣ ላኮ፣ ስቶቫና ቬምፐ ነበሩ የሚሠሯቸው። ስፋታቸው 55 ሚሊሜትር ነበር። ከጃኬት እጅጌ በላይ ነው የሚታሰሩት።

ደሴ በአውሮፕላን ክፉ ትዝታ አላት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደብድበዋታል። እና ከጦር አውሮፕላን የወረደ ዕቃ ዛሬ ፒያሳ ላይ የወጣት ክንድ ጌጥ ሆኖ ሳየው ትንሽ ይገርመኛል። ቢሆንም ሰዓቱ ጥሩ ሰዓት ነው።

አውሮፕላን አላበርም፤ ባጃጅ ነው የምነዳው። ለኔ ምን ያደርግልኛል?

ለእናንተማ ይበልጥ ይሆናል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ስትወርዱ ስልክ ከኪስ አውጥቶ ሰዓት ማየት አያዋጣም። የፓይለት ሰዓት ዋና ጥቅሙ ይሄ ነው፦ በአንድ ጊዜ እይታ ይነበባል። ዓይናችሁ ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። መነጽር የሚያስፈልጋቸው አባቶችም ያለ መነጽር ያነቡታል። ለአባቱ የገዛ ሰው ተጸጽቶ አላየሁም።

መብራት ሲጠፋም ደግ ነው። የቁጥሮቹ ቀለም ብርሃን ይጠጣል፤ ጨለማ ሲሆን መልሶ ይተፋዋል። ርካሽ ሰዓት ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ አምስት ደቂቃ አብርቶ ይጠፋል። ሱቅ ውስጥ መፈተን ትችላላችሁ። በስልክ ባትሪ ለግማሽ ደቂቃ አብሩበት፤ ከዚያ በመዳፋችሁ ከልላችሁ እዩት። ቆጣሪዎቹም ቁጥሮቹም እኩል ማብራት አለባቸው። ቁጥሩ በርቶ ቆጣሪው ከጨለመ ሌሊት ምንም አታነቡበትም።

የባትሪ ይሻላል፣ አውቶማቲክ ወይስ የፀሐይ?

ለዘወትር ሥራ የባትሪ ወይም የፀሐይ። የባትሪ ሰዓት ውስጥ ያለችው ትንሽ የኳርትዝ ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። በወር ብትሳሳት 15 ወይም 20 ሰከንድ ያህል ነው። ተራ አውቶማቲክ ይሄን ያህል በአንድ ቀን ሊሳሳት ይችላል። ሞተር ለሚነዳ፣ መዶሻ ለሚይዝ፣ ጭነት ለሚያወርድ ሰው ደግሞ አውቶማቲክ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ጥርሶችና ምሰሶዎች ንዝረቱን አይወዱትም።

አውቶማቲክ የራሱ ውበት አለው፤ አልክድም። ከክንዳችሁ እንቅስቃሴ ይሞላል፤ ባትሪ አይጠይቅም። ሴኮ 5 ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ስም ነው፤ በአባቶቻችን ክንድ ላይ ያየነው ነው። ግን ካወለቃችሁት ወደ 40 ሰዓት ገደማ ሄዶ ይቆማል። አርብ ማታ አውልቆ ሰኞ ጠዋት የሚፈልገው ሰው ቆሞ ያገኘዋል።

የፀሐይ ሰዓት ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ገጹ ሥር ብርሃን የሚሰበስብ ሳህን አለ። የሲቲዝን ኢኮ ድራይቭ ብዙዎቹ ሞዴሎች አንዴ ከሞሉ ጨለማ ውስጥ ለወራት ይሄዳሉ። አንድ ችግር ግን እዚህ ደሴ ላይ አይቻለሁ። ከተማዋ ብርድ ናት፤ ሰው ከጃኬት እጅጌ አይወጣም፤ ከሥራ ሲመለስ ጋቢ ይደርባል። ሰዓቱ ፀሐይ ሳያይ ይከርማል፤ ይራባል። ከዚያ «ተበላሸ» ተብሎ ይመጣል። መድኃኒቱ መስኮት አጠገብ ማሳደር ነው። ኮምቦልቻና ባቲ ላይ ይሄ ጭንቀት የለም።

ስንት ሚሊሜትር ልግዛ?

ክር አምጡና የእጃችሁን አንጓ ለኩ። ከ16 እስከ 17 ሴንቲሜትር ለሆነ ክንድ ከ38 እስከ 41 ሚሊሜትር ያለው ሰዓት ይበቃዋል። ቀጭን ከሆነ 36 እዩ። የፓይለት ሰዓት ገጹ ሰፊ ስለሆነ ከቁጥሩ በላይ ትልቅ መስሎ ይታያል። 46 ያሰረ ቀጭን ልጅ ሳይ የግድግዳ ሰዓት የያዘ ይመስለኛል።

ውፍረቱንም አትርሱ። ከ12 ሚሊሜትር ካለፈ በጃኬት እጅጌ ይያዛል፤ በየበሩም ይጋጫል። ሰዓት ቶሎ የሚጫጨረው ከስፋቱ ይልቅ በውፍረቱ ነው።

መስታወቱ ምን መሆን አለበት?

ሦስት ዓይነት አለ። ፕላስቲኩ ቶሎ ይጫጫራል እንጂ አይሰበርም፤ ጭረቱ በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ይለቃል። ተራው መስታወት መካከለኛ ነው። ሳፋየር የሚባለው በጥንካሬ መለኪያ 9 ነው፤ አልማዝ 10 ነው። የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ 7 አካባቢ ስለሆነ ተራ መስታወትን ይፍቃል፤ ሳፋየርን አይችለውም። ሳፋየር ግን በጠርዙ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ሊፈነጠር ይችላል። ገንዘቡ ካለ ሳፋየር፣ ከሌለ ተራው ይበቃል።

«30 ሜትር ውሃ ይችላል» ይላል። ውዱእ ሳደርግ ላውልቀው ወይስ ይቆይ?

ይሄ ወሎ ላይ በብዛት የምጠየቀው ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን እንረዳ። 30 ሜትር ማለት 30 ሜትር ጠልቃችሁ ዋኙ ማለት አይደለም። ሰዓቱ አዲስ ሆኖ፣ ረግቶ በቆመ ውሃ፣ በፋብሪካ ውስጥ የቻለው ግፊት ነው። በተግባር 30 ሜትር ዝናብና ፍንጣቂ ይችላል። 50 ሜትር እጅ መታጠብን በደንብ ይችላል። ሐይቅ ወርዳችሁ ለመዋኘት 100 ሜትር ያስፈልጋችኋል። መሙያው ተጠምዝዞ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ልባችሁ ይረፍ።

ወደ ውዱእ እንምጣ። ውሃው ከሰዓቱ ሥር ያለውን ቆዳ መንካት ስላለበት ወይ ታንቀሳቅሱታላችሁ ወይ ታወልቁታላችሁ። በቀን አምስት ጊዜ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ውሃ የሚነካው 30 ሜትር ሰዓት ዕድሜ የለውም። ማውለቁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ስንት ሰዓት መስጊድ ቧንቧ አጠገብ ተረስቶ ቀርቷል! ለሰጋጅ ሰው ምክሬ 100 ሜትር የሚል፣ ማሰሪያው ላላ የሚል ብረት ወይም ጎማ የሆነ ሰዓት ነው። ወደ ላይ ሳብ ታደርጉታላችሁ፣ ታጥባችሁ ትመልሱታላችሁ።

ለሁሉም የሚሆኑ ሦስት ነገሮች ልጨምር። ክንዳችሁ እርጥብ ሆኖ መሙያውን አትሳቡ። ሙቅ ውሃና እንፋሎት ከቀዝቃዛ ውሃ የበለጠ ይጎዳል፤ ውስጡ ያለውን የጎማ ቀለበት ያደክመዋል። ያ የጎማ ቀለበት ደግሞ ያረጃል። ከአሥር ዓመት በፊት የተገዛ 100 ሜትር ሰዓት ዛሬም 100 ነው ብላችሁ ጠበል ቦታ ይዛችሁት አትግቡ።

የቆዳ ማሰሪያው ያምራል፤ ይቆያል?

በፎቶ ያምራል። ወፍራም ቡናማ ቆዳ፣ ሁለት ምስማር የተመታበት፤ የፓይለት ሰዓት መለያ ነው። ላብና ውሃ የበዛበት ክንድ ላይ ግን በወራት ውስጥ ይሸታል፤ ይሰነጠቃል። የጨርቁ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ሲቆሽሽ በሳሙና ይታጠባል፤ ግን ቶሎ አይደርቅም። ብረቱ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ይከብዳል፤ አንዳንዴም ፀጉር ይነጫል።

ስትገዙ የማሰሪያውን ስፋት ጠይቁ። 20 ወይም 22 ሚሊሜትር ከሆነ ነገ መለወጫ በቀላሉ ታገኛላችሁ። የራሱ የተለየ መግጠሚያ ያለው ሰዓት ማሰሪያው የተበጠሰ ዕለት መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

ክንዱን የሚያሳክከው ሰው ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ኒኬል ነው። ተራ ቅብ ብረት ከመግዛት 316ኤል የሚል የማይዝግ ብረት ወይም ቲታኒየም ይፈልግ።

በሐበሻ ሰዓት ልሙላው ወይስ በፈረንጅ?

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ምክንያቱም የፓይለት ሰዓት የሚያመቸውም የሚያደናግረውም እዚህ ነው።

አንደኛው መንገድ በፈረንጅ ሞልቶ በአንጻሩ ማንበብ ነው። አጭሩ ቆጣሪ 7 ላይ ሲሆን ከፊት ለፊቱ ያለው ቁጥር 1 ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። 10 ላይ ሲሆን ከፊቱ 4 አለ። ደቂቃው አይለወጥም። የፓይለት ገጽ ሁሉም ቁጥሮች ጎልተው ስለተጻፉ ለዚህ ዓይነት ንባብ የተፈጠረ ይመስላል። ሆኖም ሁለት ዓይነት ገጽ እንዳለ እወቁ። በጀርመኖቹ አጠራር ኤ የሚባለው እንደማንኛውም ሰዓት ከ1 እስከ 11 ተጽፎበታል። ቢ የሚባለው ግን ትልልቆቹ የዳር ቁጥሮች 5፣ 10፣ 15 እያሉ ደቂቃ ነው የሚያሳዩት፤ የሰዓቱ ቁጥር ውስጥ ባለ ትንሽ ክብ ላይ ነው። በአንጻር ለሚያነብ ሰው ቢ ራስ ምታት ነው። ኤ ይግዛ።

ሁለተኛው መንገድ በቀጥታ በሐበሻ መሙላት ነው። እናቴ ከዚህ ሌላ አታውቅም፤ ምንም አልጎደለባትም። ችግር የሚመጣው ቀን የሚያሳይ መስኮት ካለው ነው። ቀኑ የሚለወጠው የሰዓቱ 12 ላይ ነው፤ በእኛ ግን 12 ሁለት ነው፤ ንጋትና ማታ። የቱ ላይ እንደሚለወጥ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ቆጣሪውን ወደፊት ስታዞሩ ቀኑ የተገለበጠበትን 12 ንጋት ካላችሁት በየንጋቱ ይለወጣል። የሂጅራ ቀን የሚከተል ወዳጄ ማታ 12 ላይ አድርጎታል፤ መግሪብ አካባቢ ቀኑ ይገለበጥለታል። ደስ የሚል ዘዴ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ሰው አያውቀውም። አንዳንድ የፓይለት ሰዓት ከመስታወቱ ዙሪያ ከ1 እስከ 12 የተጻፈበት የሚዞር ቀለበት አለው። ሌላ አገር ያለን ሰዓት ለማወቅ የተሠራ ነው። ሰዓቱን በፈረንጅ ሙሉት፤ ቀለበቱን ግማሽ ዙር አዙሩና የቀለበቱን 12 ከገጹ 6 ጋር አጋጥሙት። አለቀ! ገጹን ስታዩ ፈረንጅ፣ ቀለበቱን ስታዩ ሐበሻ። ለቢሮ ሠራተኛና ለተጓዥ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ቀለበቱ ላይ 10፣ 20፣ 30 እያለ እስከ 60 የሚሄድ ከሆነ ግን የደቂቃ ነው፤ ለዚህ አይሆንም። አራተኛ ቆጣሪ ያለውና በ24 ሰዓት አንዴ የሚዞረውም ይሠራል፤ እሱን ስድስት ሰዓት ወደኋላ አድርጉት።

ከኮምቦልቻ የምትበሩ ከሆነ ትኬታችሁ በፈረንጅ እንደሚጻፍ አትርሱ። 08:30 የሚለው ከጠዋቱ 2:30 ነው። አብራሪዎቹ ራሳቸው ደግሞ በሌላ ሰዓት ነው የሚሠሩት፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት፤ ኢትዮጵያ እሱን በሦስት ሰዓት ትቀድመዋለች። ስለዚህ መንገደኛው በሐበሻ፣ ትኬቱ በፈረንጅ፣ አብራሪው በሦስተኛ ሰዓት ሆነው አብረው ይበራሉ።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማድረግ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ሥራ ግን አለው። የሰዓት ቀን ቆጣሪ እስከ 31 ይሄዳል። የእኛ ወር 30 ላይ ያልቃል። ስለዚህ አሥራ ሁለቱም ወሮች ሲያልቁ 31ን በእጅ መዝለል አለባችሁ። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ላይ ስታበቃ ደግሞ እስከ 1 ማዞር ነው። በዓመት 13 ጊዜ መሆኑ ነው። በፈረንጅ ቢሆን አምስት ጊዜ ብቻ ነበር። እኔ ቀን የሌለውን ገዝቼ ተገላገልኩ። ገጹም ያለ መስኮት ይበልጥ ያምራል።

ቀን የምታስተካክሉ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለው ቦታ ላይ እያለ በፈጣኑ ማዞሪያ ቀን አትለውጡ፤ በተለይ አውቶማቲክ ላይ። በዚያን ጊዜ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ተያይዘው ሊሆን ስለሚችል ይሰበራሉ። መጀመሪያ አጭሩን ቆጣሪ 6 ላይ አውርዱት፣ ቀኑን ለውጡ፣ ከዚያ ሰዓቱን ሙሉ።

ዙሪያውን የተደረደሩት ብዙ ትንንሽ ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

ማስሊያ ነው፤ ካልኩሌተር። ብሬትሊንግ ናቪታይመር በሚባለው ሰዓቱ በ1952 እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ነው። አብራሪ ነዳጅና ርቀት ያሰላበት ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የሚዞረውን የውጭ ቀለበት 15 ከውስጡ 10 ጋር አጋጥሙ። አሁን ኪሎው 150 ብር የሆነ ዕቃ ዋጋ በሙሉ ፊታችሁ ተዘርግቷል። ከውስጡ 20 ፊት 30 አለ፤ ሁለት ኪሎ 300። ከውስጡ 40 ፊት 60 አለ፤ አራት ኪሎ 600። ዜሮውን እናንተ ትጨምራላችሁ።

ይሠራል። ግን ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ በዚህ ቀለበት ስታሰሉ ነጋዴው በቃሉ አስልቶ ሦስት ሰው ይሸኛል። ቁጥሮቹ ደግሞ ገጹን ያጨናንቁታል። ለማንበብ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ይሄኛውን እለፉት።

ኦሪጅናል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከራሴ ልጀምር። የዛሬ ብዙ ዓመት አንድ ገበያ ላይ ስመ ጥር የስዊስ ፓይለት ሰዓት በማይታመን ዋጋ አገኘሁ። ገጹ ላይ ሦስት ትንንሽ ክቦች፣ በጎኑ ሁለት ቁልፎች። ደስ ብሎኝ አሠርኩት። ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ቁልፉን ብጫን አይጫንም፤ የተለጠፈ ነው። ትንንሾቹ ቆጣሪዎች በቀለም የተሣሉ ናቸው። የሚዞረው ቀለበት አይዞርም። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ መታኝ፤ ውስጡ ኩሬ ሆነ። ሻጩን ብፈልገው ቦታው ላይ ጫማ የሚሸጥ ሌላ ልጅ አገኘሁ።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ሁሉንም ነካኩ። ቁልፎቹን ተጫኑ፤ ቆጣሪው መነሣት፣ መቆም፣ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ቀለበቱን አዙሩ። መሙያውን ሳቡ፤ ሲሳብ ላላ ካለ ወይም ከተወዛወዘ ተዉት። ጽሑፉን በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ፤ የተንሻፈፈ ፊደል ኮፒን ያጋልጣል። ደቂቃ ቆጣሪው 12 ላይ በልክ ሲያርፍ አጭሩ ቆጣሪ በልኩ ቁጥሩ ላይ መሆን አለበት። «ስዊስ ሜድ» የሚለው ጽሑፍ ግን አያታልላችሁ። በስዊስ ሕግ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያን ለመጻፍ ከሰዓቱ የማምረቻ ወጪ ቢያንስ 60 በመቶው እዚያው አገር መውጣት አለበት፤ ኮፒ የሚሠራው ሰውዬ ይሄን ሕግ አንብቦ አይደለም የሚጽፈው።

አንድ ነገር ግን አትቀላቅሉ። የፓይለትን መልክ ወስዶ በራሱ ስም የሚሸጥ ሰዓት ፎርጅድ አይደለም። መልኩ የማንም የግል ርስት አይደለም። ስም የሰረቀው ነው ፎርጅድ። በስሙ የሚኮራ ርካሽ ሰዓት ከስመ ጥሩ ኮፒ አሥር እጅ ይሻላል።

ስልክና ስፒከር አጠገብ ማስቀመጥ ይጎዳዋል?

አውቶማቲክ ከሆነ አዎ። ውስጡ ያለችው የፀጉር ያህል ቀጭን ጥቅልል ማግኔት ስትይዝ እርስ በርሷ ትጣበቃለች፤ ሰዓቱ በቀን ደቂቃዎችን መቅደም ይጀምራል። ባለቤቱ «እያበደ ነው» ይላል። ጥገናው ቀላል ነው፤ ማግኔት የሚያወጣ መሣሪያ ያለው ሰዓት ሠሪ በአንድ ደቂቃ ይመልሰዋል። ለዚህ ነው በ1948 እ.ኤ.አ. አይደብሊውሲ ለእንግሊዝ አየር ኃይል ማርክ 11 የተባለውን ሰዓት ሲሠራ የሰዓቱን ሞተር በለስላሳ ብረት ሣጥን የከበበው። የባትሪ ሰዓት ማግኔት ላይ ሲያርፍ ሊቆም ይችላል፤ ስታነሡት አብዛኛውን ጊዜ መሄዱን ይቀጥላል።

ማታ ከስልኩ ላይ አትደርቡት። ማግኔት ያለው የቦርሳ መዝጊያም ያው ነው።

ከባቲ ወደ ደሴ ስወጣ መስታወቱ ውስጥ ጉም ይይዛል። ተበላሽቷል?

የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚጠይቁኝ ነው። ሚሌ በኩል ሙቀት ውስጥ ይውላሉ፤ ከባቲ፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወጡ ብርዱ ይጠብቃቸዋል። ሰዓቱ ውስጥ ያለው አየር እርጥበት ካዘለ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ይጤዛል። ቀጭን ጉም ሆኖ በደቂቃ ውስጥ ከጠፋና ካልተደጋገመ አያስጨንቅም። ከቆየ፣ ከተመላለሰ ወይም ጠብታ ከሠራ ግን ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ከፍታው ራሱ ግን አይጎዳውም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሰዓቱ አያውቀውም። ጤዛው ከበረታ በዚያኑ ቀን ሰዓት ሠሪ ዘንድ ውሰዱት። ሩዝ ውስጥ ቀብሮ ሦስት ቀን መጠበቅ ለዝገቱ ጊዜ መስጠት ነው።

ባትሪ መንገድ ላይ ባስቀይር ችግር አለው?

ልጁ እጁ ንጹሕ ከሆነ የለውም። ሁለት ነገር ግን ጠይቁት። ክዳኑን በተገቢው መፍቻ ነው የሚከፍተው ወይስ በቢላ? ሲዘጋ የጎማውን ቀለበት አይቶ ይመልሰዋል? ብዙ 100 ሜትር ሰዓት የሞተው በባትሪ ቅያሪ ቀን ነው፤ ቀለበቱ ተጣምሞ ይዘጋበታል። ከተቀየረ በኋላ ወደ ውሃ ይዛችሁት ከመግባታችሁ በፊት ጥቂት ቀን አይታችሁት እለፉ።

የሞተ ባትሪ ውስጡ አትተዉ፤ ይፈስሳል፤ ሰዓቱን ይበላዋል። አባት ሞቶ ሰዓቱ በሣጥን የቀረላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ አስወጡት።

የአያቴ አሮጌ ሰዓት ቁጥሩ ቢጫ ሆኗል፤ ድሮ ያበራ ነበር። ልክፈተውና ላጽዳው?

አትክፈቱት። በድሮ ጊዜ የሚያበራው ቀለም ውስጥ ራዲየም ይገባ ነበር። ማብራቱን ያቆመው ሌላው ኬሚካል ስላረጀ ነው፤ ራዲየሙ ግን ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ገደማ ስለሆነ አሁንም እዚያው አለ። ተዘግቶ ቢቀመጥ የሚፈራውን ያህል አይደለም። አደጋው ቀለሙ ተፍቆ ዱቄቱ ሲተነፈስ ነው። ለሚጠግነው ሰውም አስቀድማችሁ ንገሩት። ለዘወትር ግን ሌላ እሰሩ።

ብዙ አወራህ። አንዱን ምረጥልኝ።

ዋጋ አልጽፍም፤ ሳምንት አይቆይም። ተማሪ ከሆናችሁና ብሩ ካጠረ ፓይለቱን ለጊዜው ተዉት፤ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠውን ካሲዮ ኤፍ 91 ደብሊው ግዙ፤ ባትሪው ወደ ሰባት ዓመት ይሄዳል። ኮፒ ብዙ ስላለው እሱንም አይታችሁ። ባጃጅና የጭነት መኪና ለሚነዳ የባትሪ ፓይለት፣ 100 ሜትር፣ ጎማ ማሰሪያ። ለቢሮና ለተጓዥ ባለ 12 ቁጥር የሚዞር ቀለበት ያለው። አውቶማቲክ የሚወድ ሰው ይውደድ፤ ግን ከመግዛቱ በፊት የሚሠራለት ሰዓት ሠሪ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ እንዳለ ይጠይቅ። የሚከፍተው ያጣ ሰዓት የትም አገር ቢሠራ ያው ብረት ነው።

እኔ ያሠርኩት የፀሐይ ነው፤ 40 ሚሊሜትር፣ ጥቁር ገጽ፣ ቀን የለውም፣ ማሰሪያው ሁለቴ የተቀየረ ጨርቅ። ይሄን ስጽፍ አጭሩ ቆጣሪ 9 ላይ ደርሷል። 3 ሰዓት ሆኗል፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ነው፤ እየተጠራሁ ነው።